ኦፕኒንግ ስናጠና የምንሠራቸው ስህተቶች

ቼዝ የሚጫወት ሰው ኦፕኒንግ (የጨዋታውን አጀማመር) ማጥናት ይወዳል። እኔም እወዳለሁ። ግን የብዙዎቻችን አጠናን ጊዜ ይበላል እንጂ አያሳድገንም።

ትልቁ ስህተት ምክንያቱን ሳያውቁ መሸምደድ ነው። ጥቁር ለኢ4 የሚመልስበትን ካሮ ካን የተባለ ኦፕኒንግ እንውሰድ። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ ጥቁር ወደ ሲ6 (ፊደሉና ቁጥሩ የቦርዱ ካሬ ስም ነው)። ዲ4፣ ዲ5። ነጭ ወደ ኢ5 ከገፋ ጥቁር ቢሾፑን ወደ ኤፍ5 ያወጣል። ለምን? ቀጥሎ ኢ6 ሊጫወት ስለሆነ ነው። ቢሾፑ ቀድሞ ካልወጣ ከገዛ ወታደሮቹ ኋላ ታፍኖ ይቀራል። ይህ የገባው ሰው ሙቩ (እርምጃው) ቢጠፋው እንኳ አስቦ ያገኘዋል።

እኔ ግን ሸምድጄው ነበር። ተጋጣሚዬ በ4ኛው ሙቭ ኤች4 ተጫወተ። እኔ እንደለመድኩት ኢ6 አልኩ። ጂ4 መጣ፤ ቢሾፔ ወደ ኢ4 ሸሸ። በኤፍ3 ሲያባርረው ወደ ጂ6 ተመለሰ። ከዚያ ኤች5! ቢሾፔ መውጫ አጣ። ኢ6ን አቆይቼ ኤች5 ብጫወት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ስለዚህ የራሳችሁን ሙቭ ስታጠኑ የተጋጣሚያችሁንም ሐሳብ አብራችሁ አጥኑ።

በአገራችን የድሮ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ይህ የጨዋታው ሕግ ራሱ ነበር። ጨዋታው በወረራ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። የሌላውን አሰላለፍ እያዩ የራስን ማስተካከል ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በተሸነፉ ማግስት ኦፕኒንግ መቀየርም አይጠቅምም። በነጭ አንድ፣ በጥቁር ለኢ4 አንድ፣ ለዲ4 አንድ ይበቃል።

አዲስ የወጣውን ሁሉ ማሳደድ ሌላው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ክራምኒክ የካስፓሮቭን የዓለም ሻምፒዮንነት ሲወስድ ዋና መከላከያው በርሊን የተባለው የጥቁር ኦፕኒንግ ነበር። በርሊን ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ይታወቅ ነበር። ካስፓሮቭ በ4 ጨዋታዎች ገጠመው፤ አራቱም አቻ አለቁ። እዚያ ንግሥቶቹ ገና በጊዜ ይለዋወጣሉ። ክራምኒክን የጠቀመው ከዚያ በኋላ ያለውን አቀማመጥ ጠንቅቆ ማወቁ ነው።

ደግሞ ፈረስ በነጻ እያስበላን 15ኛውን ሙቭ ማጥናት ምን ያደርጋል? ፐዝል (አጭር የቼዝ እንቆቅልሽ) መሥራት ይቅደም።

የመጨረሻው ስህተት የተጫወቱትን መለስ ብሎ አለማየት ነው። ቲዎሪ (የኦፕኒንግ እውቀት) የሚያዘው መለስ ብሎ በማየት ነው። ሊቸስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ በነጻ ሁሉንም ያሳያችኋል። ጨዋታው እንዳለቀ ኢንጂኑን (ሙቮችን የሚያሰላውን ፕሮግራም) አትክፈቱ። መጀመሪያ የት እንደተደናገራችሁ ራሳችሁ ፈልጉ። ከዚያ በዳታቤዙ ሌሎች እዚያ ቦታ ምን እንደተጫወቱ እዩ። ከአንድ ጨዋታ አንድ ሙቭ ብቻ፣ ከነምክንያቱ፣ ደብተር ላይ ጻፉ። በእኔ ደብተር የካሮ ካን ገጽ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «ኤች4 ከመጣ ኢ6 አትቸኩል። ጂ4 ሊመጣ ነው።»