ከጥይቱ በኋላ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እሑድ ማታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2019። ሃይፋ አጠገብ፣ ኪርያት ሃይም ውስጥ፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ ተኮሰ። ሰለሞን ተካ የሚባል ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊ ልጅ ሞተ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

በማግሥቱ ልጆቻችን መንገድ ላይ ነበሩ። ማክሰኞ ተቀበረ። ያን ዕለት ማታ የእስራኤል ዋና ዋና መንገዶች ተዘጉ። ቴል አቪቭ፣ አዝሪኤሊ መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪና ነደደ። በፖሊስ ቁጥር መሠረት 136 ሰው ታሰረ፣ 111 ፖሊሶች ተጎዱ። ከኛ በኩል የተጎዳውን ማን እንደቆጠረው አላየሁም።

እኔ ያን ሳምንት አልተኛሁም። ዕብራይስጥ ለማይችሉ ወላጆች አስተረጉማለሁ። ስልኬ ሌት ተቀን ይጮህ ነበር። ያኔ ያየኋቸው ስህተቶች እስካሁን ይቆጩኛል። አንዳንዶቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሌሊት ዳግመኛ እንዳይመጣ እጸልያለሁ። ቢመጣ ግን ተዘጋጅተን ያግኘን።

በመጀመሪያው ሌሊት ፍርድ መስጠት

ሰለሞን በሞተ በሰዓታት ውስጥ ሁለት ታሪክ ይዞር ጀመር። ፖሊሱ የወጣቶች ጠብ ልገላግል ገብቼ ድንጋይ ተወረወረብኝ፣ ለሕይወቴ ፈራሁ አለ። በዋትስአፕ የሚዞረው ደግሞ ፊት ለፊት አነጣጥሮ ገደለው የሚል ነበር። እኔም ሁለተኛውን አምኜ ለአሥር ሰው ላክሁት።

ከዚያ ምርመራው ጥይቱ መሬት መትቶ ነጥሮ ነው ያገኘው የሚል ነገር አወጣ። ይህን ጊዜ ያፈርነው እኛ ነን። «አያችሁ፣ ዋሽታችኋል» ተባልን። ዋናው ጥያቄ ግን ባለበት ነበር። ቤተሰቡን ይዞ መናፈሻ የወጣ ፖሊስ፣ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ቦታ ለምን ወደ መሬት ይተኩሳል? ጥይት መሬት መትቶ እንደሚነጥር አያውቅም? ጥይቱ መንጠሩ ከነገሩ አላወጣውም። ኋላ በ2020 መጀመሪያ ላይ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሷል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ የምናውቀውን ብቻ እንናገር። «ልጅ ሞቷል፤ የገደለው የፖሊስ ጥይት ነው፤ ገለልተኛ ምርመራ እንፈልጋለን።» ይህን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ያላየነውን ዝርዝር ከጨመርንበት ግን፣ ያ ዝርዝር ሲወድቅ እውነቱንም ይዞት ይወድቃል።

ቪዲዮን መበተን እንጂ አለማስቀመጥ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ነው።

2015ን አስታውሱ። ሆሎን ውስጥ ደማስ ፓካዳ የሚባል ወታደር፣ የሠራዊቱን ልብስ እንደለበሰ፣ በፖሊስ ተደበደበ። መጀመሪያ የታሰረው ማን ነበር? እሱ ራሱ። ፖሊስ መትቷል ተብሎ። ነፃ ያወጣው የጥበቃ ካሜራ ነው። ካሜራው የቀዳው ሲታይ ማን ማንን እንደመታ ግልጽ ሆነ፣ ልጁም ተለቀቀ። ያ ቪዲዮ ባይገኝ ኖሮ ዛሬ የደማስን ስም የምናውቀው ፖሊስ የመታ ወታደር ተብሎ ነበር። ወይም ጭራሽ አናውቀውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ እኛ ምን እናደርጋለን? ከቪዲዮው በጣም የሚያስለቅሰውን ሃያ ሰከንድ እንቆርጣለን። ሙዚቃ እንጨምርበታለን። ቲክቶክ ላይ እንለቀዋለን። ዋናው ቪዲዮ ስልኩ ሲሞላ ይጠፋል። ከወር በኋላ መርማሪ ሲጠይቅ የሚገኘው ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ማን እንደቀዳው የማይታወቅ ነገር ነው። ጠበቃ በእሱ ምን ሊሠራ ይችላል?

የቀዳችሁትን ሳትነኩ አስቀምጡ። ወደ ሌላ ቦታም ገልብጡት። መቼ፣ የት ቆማችሁ እንደቀዳችሁት በወረቀት ጻፉ። ሠፈር ውስጥ የጥበቃ ካሜራ ያለው ሱቅ ወይም ሕንፃ ካለ በዚያው ቀን ሄዳችሁ እንዳይሰርዙት ለምኑ። ብዙ ካሜራዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ በላዩ ላይ ይቀዱበታል። ቪዲዮውን ለቤተሰቡ ጠበቃ ስጡ። ምስክር ከሆናችሁ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የፖሊሶች ምርመራ ክፍል፣ ማሃሽ፣ ቃላችሁን ሊቀበል ይገባዋል። ይህን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ ብትለጥፉት ማንም አይከለክላችሁም።

«ጥሩ ልጅ ነበር» እያሉ መከራከር

ልጅ ሲሞትብን ጨዋነቱን እንመሰክራለን። የኛ ወግ ነው፣ ልቅሶ ላይ ያምራል። ለፍትሕ መከራከሪያ ሲሆን ግን ወጥመድ ይሆናል። እኛ «ጨዋ ነበር» ስንል ሌላው «ምን ጠጥቶ ነበር? ከማን ጋር ይውል ነበር?» ብሎ ይቆፍራል። ሳናውቀው ሟቹን ለፍርድ አቀረብነው ማለት ነው።

ከሰለሞን ስድስት ወር በፊት፣ ጃንዋሪ 2019፣ ባት ያም ውስጥ የሁዳ ቢያድጋ በፖሊስ ተገደለ። 24 ዓመቱ ነበር። የአእምሮ ሕመም ነበረበት፣ ቢላም ይዞ ነበር። ስለ እሱ «ጨዋ ልጅ» እያሉ መከራከር አይሠራም። አያስፈልግምም። የታመመ ሰው ሐኪም እንጂ ጥይት አይገባውም። ጥያቄው ፖሊሱ ሌላ መንገድ ነበረው ወይ የሚለው ነው። እዚያ ላይ እንቁም።

እሳት

እዚህ ላይ ወጣቶቹ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ቢቆጡኝም እናገራለሁ።

መንገድ መዝጋትና መኪና ማቃጠል አንድ አይደሉም። በዚህ አገር መንገድ ያልዘጋ ማን አለ? አካል ጉዳተኞች ዘግተዋል፣ ሠራተኞች ዘግተዋል፣ ሃይማኖተኞች ዘግተዋል። መንገድ የዘጋ ሰው «እዩኝ» ነው የሚለው። የሰው መኪና ስታቃጥል ግን መኪናው የማን እንደሆነ አታውቅም። ምናልባት ከሥራ የሚመለስ እንደ አባትህ ያለ የቀን ሠራተኛ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሬዲዮ ስከፍት የሚወራው ስለ ሰለሞን አልነበረም። ስለ ትራፊክና ስለ ተቃጠለ መኪና ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሞቱ አሳዛኝ እንደሆነ ከተናገሩ በኋላ ወደ መንገዱ መዘጋትና ወደ ሁከቱ ነው የዞሩት። ከአንድ ልጅ ሞት ይልቅ የአንድ መኪና ጭስ የበለጠ ታየ።

ያን ማታ ከሠላማዊው ሰው መካከል እሳት የሚለኩሱት ጥቂት ነበሩ። አጠገባቸው የቆሙት ግን ብዙ ነበሩ። ከነዚያ ብዙዎች አንዱ «ተው ወንድሜ» ቢል ኖሮ!

«ለምን በሰላም አይጠይቁም?» ማለት

ይህ ደግሞ የውጭ ተመልካች ስህተት ነው። አሜሪካ ሆነው በፌስቡክ ካዩን ከገዛ ወገኖቻችንም ሰምቼዋለሁ።

በሰላም ጠይቀናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገስነው ደም እየተደፋ መሆኑ ሲሰማ ሽማግሌዎችና ቄሶች ሳይቀሩ ኢየሩሳሌም ወጥተው ነበር። ከደማስ በኋላ ጥናት ተደረገ። የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ኤሚ ፓልሞር የመሩት ቡድን በ2016 በዘረኝነት ላይ ሪፖርት አቀረበ። ከ50 በላይ ምክር ሐሳቦች ነበሩበት። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የፖሊሱ ዋና አዛዥ ሮኒ አልሼኽ ፖሊስ ኢትዮጵያውያንን ከሌላው አብልጦ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ትርጉም ያለው ነገር በአደባባይ ተናገሩ። የሁዳ ሲሞት ሺዎች ቴል አቪቭ ሰልፍ ወጡ። ከዚያ ሰለሞን ሞተ።

ይህን የማያውቅ ሰው የሚያየው ጭሱን ብቻ ነው። እሳቱን አልደግፍም፣ ከላይ ተናግሬያለሁ። ግን እንጨቱ ለዓመታት ሲከመር የነበረ ነው።

በቤተሰቡ አፍ መናገር

ካሜራ ፊት «ቤተሰቡ እንዲህ ይፈልጋል» የሚል ሰው በአንድ ሌሊት ይበዛል። ፓርቲ ያለው፣ ምርጫ የሚጠብቅ፣ ስሙ እንዲነሳ የሚሻ። የሰለሞን ቤተሰብ ሰባቱ የሐዘን ቀናት እስኪያልፉ ሰልፉ እንዲቆም ለምነው ነበር። አብዛኛው ሰው ሰማቸው። ያልሰማም ነበር። ልጁን የቀበረ አባት «ቆዩ» ካለ መቆየት ነው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ልጆቹን ፖሊስ ጣቢያ ላይ ብቻቸውን መተው

ረቡዕ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንዲት እናት ደወለችልኝ። «እህቴ፣ ልጄን ወስደውታል። የት እንዳለ አላውቅም» አለችኝ። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ አገኘነው። ልጁ ጠበቃ ሳያማክር ሁሉንም ተናግሮ ነበር። እዚያ እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ የጓደኞቹን ስም ጭምር። ለምን ስለው «እውነቱን ከተናገርኩ ይለቁኛል ብዬ ነው እቴ» አለኝ። ቅን ልጅ ነው። ቅንነቱ ጓደኞቹን አስጠራቸው።

ይህን ሰልፍ ከመወጣቱ በፊት ነው ማስተማር ያለብን። ከምርመራ በፊት ጠበቃ ማማከር መብት ነው። ዝም ማለትም መብት ነው። ለታሰረ ሰው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አለ፤ ለዚያ ገንዘብ አይጠይቁም። ምርመራው ተጠርጣሪው በሚገባው ቋንቋ መካሄድ አለበት፤ ዕብራይስጥ የሚያስቸግረው አዋቂ «አማርኛ እፈልጋለሁ» ይበል። ያላነበቡትን ወረቀት አይፈርሙም። የጠበቃ ስልክ ቁጥር ክንዳችሁ ላይ ጻፉ፣ ስልካችሁን ይወስዱታልና።

እናቶችና አባቶችም ሌሊቱን ጣቢያ በር ላይ እንገኝ። ልጁ ወላጅ እንዳለው ይወቁ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»

ይህን ተረት ስንሰማ ነው ያደግነው። ወላጆቻችን ከጎንደር፣ ከትግራይ በሱዳን በኩል በእግር የመጡት ከመንግሥት ጋር ላለመጋፋት ተምረው ነው። ልጃቸው ፖሊስ አስቁሞት ሲመጣ «አንገትህን ደፍተህ እለፍ» ይሉታል። በፍቅር ነው። እኔንም እናቴ ብላኛለች።

ልጆቹ ግን እዚህ ተወልደዋል፣ እዚህ ሠራዊት ገብተዋል። አንገት ድፋ ሲባሉ የሚሰሙት «አንተ እንግዳ ነህ» የሚለውን ነው። ከዚያ ለወላጅ መናገር ይተዋሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሲቆሙ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲፈተሹ ቤት አይነግሩም። ቁጣው ሆዳቸው ውስጥ ይከማችና አንድ ማታ አዝሪኤሊ ላይ ይወጣል።

ደግሞም ተረቱ እዚህ አይሠራም። ንጉሡ ይከሰሳል። ስሙ ራሱ «ጠበቃ» የሚባል የኛ ድርጅት አለ። ከሲቪል መብት ማኅበሩ ጋር ሆኖ ፖሊስን ከፍተኛው ፍርድ ቤት አቆመው። ጉዳዩ ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ የልጆቻችንን መታወቂያ መጠየቁ ነበር። አቤቱታው በ2019 ገባ። በጃንዋሪ 2021 ፍርድ ቤቱ ያለ በቂ ጥርጣሬ መታወቂያ መጠየቅን የሚፈቅደውን የፖሊስ መመሪያ ሻረው።

ከሳምንት በኋላ ወደ ቤት መመለስ

የሐዘኑ ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ መንገድ የወጣው ሰው ከማክሰኞው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ክሱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ብዙዎቻችን «በቸልተኝነት» የሚለውን ቃል በዜና ስንሰማ ደነገጥን። ያን ጊዜ መደንገጥ ግን ዘግይቷል። መዝገቡ ሲሠራ የት ነበርን?

አንድ ሰው ይመደብ። የችሎቱን ቀን የሚከታተል፣ በአማርኛ ለወላጆች የሚያስረዳ፣ ሁለት አውቶቡስ የሚሞላ ሰው አሰባስቦ ችሎት የሚወስድ። ሠፈር በየተራ ይያዘው። ሰልፍ ላይ ሺህ ሰው ወጥቶ ችሎት ላይ እናቲቱ ብቻዋን ከተቀመጠች ዳኛውም አቃቤ ሕጉም ያያሉ።

ያቺ ሌሊት የደወለችልኝ እናት ታናሽ ልጅ አላት። አሁን አሥራ ስድስት ሊሆነው ነው፣ ቁመቱ ከወንድሙ በልጧል። ባለፈው ወር ቤቷ ቡና ጠርታኝ ስለ መታወቂያው ውሳኔ ጠየቀችኝ። «እኔ ዕብራይስጡ አይገባኝም፣ እሱ ደግሞ እኔን አያምነኝም» አለችኝ። በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ በዕብራይስጥ፣ ከታች በአማርኛ ጻፍኩላት። ዓመተ ምሕረቱንም ጨምሪበት አለችኝ፣ ጨመርኩ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው።