ፎሎወሩ ለምን ይቀረቅራል? የግፊት ማዕዘን ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

5 ኪሎ ካምፓስ የተሳለ ካም (እየዞረ ሌላ አካል የሚገፋ ብረት) መርካቶ ቶርኖ ቤት ተቆርጦ ይመጣና ሲገጠም ፎሎወሩ (ካሙ እየገፋ የሚያነሳው ዘንግ) ቀርቀር ይላል። ጥፋቱ ወዲያው ባለቶርኖው ላይ ይለጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጣጣው ከስዕሉ ነው።

የግፊት ማዕዘን ማለት ካሙ በሚገፋበትና ፎሎወሩ በሚሄድበት አቅጣጫ መካከል ያለው ማዕዘን ነው። ሲሰፋ ጉልበቱ ፎሎወሩን ማንሳቱን ትቶ ዘንጉን ይዞ ከሚመራው ቀለበት፣ ከቡሺንጉ ጋር ያጣብቀዋል።

ካሙን ማሳነስ። ብረት ውድ ነው፣ ቦታም ይጠባል፤ ስለዚህ ሁሉም ያሳንሳል። ፎሎወሩ ካሙ 60 ዲግሪ ሲዞር በሃርሞኒክ እንቅስቃሴ (ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ መሃል ላይ ፈጥኖ፣ ቀስ ብሎ በሚቆም) 20 ሚሊ ሜትር ይነሳ እንበል። የፕራይም ሰርክሉ (ፎሎወሩ ታች ሲሆን የጫፉ ወይም የሮለሩ መሃል የሚያርፍበት ክብ) ራዲየስ 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 38 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ራዲየሱን 45 ብታደርጉት ማዕዘኑ 29 ላይ ይቆማል። ቀጥ ብሎ ለሚወጣ ፎሎወር የተለመደው ጣሪያ 30 ነው። ካሙን ማሳደግ ካልተቻለ ከፍታውን በ60 ፈንታ በ90 ዲግሪ አዳርሱት፤ ያው ትንሹ ካም ወደ 27 ይወርዳል።

ስሌቱ ውስጥ ቤዝ ሰርክልን (የካሙን ትንሹን ክብ) ማስገባት። ፎሎወሩ ጫፍ ላይ ሮለር (ተንከባላይ ጎማ) ካለ የሮለሩን ራዲየስ ደምሩበት። ስሌቱ የሚፈልገው ፕራይም ሰርክሉን ነው።

በዲግሪ ማስላት። የከፍታው ለውጥ የሚገባው በራዲያን ነው። በዲግሪ ያሰላ ሰው ለዚያው ለ38ቱ ካም ከ1 ዲግሪ በታች ያገኝና ደስ ብሎት ይተኛል። እንዲህ ያለ ውጤት ስታዩ ተጠራጠሩ።

ኦፍሴትን እንደ ነፃ ስጦታ ማየት። የዚያኑ የ38ቱን ካም ፎሎወር ከካሙ መሃል ወደ ትክክለኛው ጎን በ10 ሚሊ ሜትር ብታርቁት፣ ሲወጣ አጋማሹ ላይ ማዕዘኑ ከ37 ወደ 28 ገደማ ይወርዳል። መመለሻውም 60 ዲግሪ ከሆነ ግን እዚያ 46 ይገባል። ሲመለስ የሚያወርደው ሞላ ስለሆነ ይህን ብዙ ጊዜ መታገስ ይቻላል። ካሙ በተቃራኒው ከዞረ ግን 46ቱ መውጫው ላይ ይመጣል። ባለሦስት ፌዝ ሞተር ላይ ለዚህ ሁለት ሽቦ መቀያየር ይበቃል፤ ስለዚህ አዟዟሩን ስዕሉ ላይ በቀስት አሳዩ።

ጠፍጣፋ ፎሎወርን ማመን። ፊቱ ከመሄጃው ጋር 90 ዲግሪ ከሆነ ማዕዘኑ ሁልጊዜ 0 ነው። ግፊቱ ከመሃል ስለሚርቅ ግን የፎሎወሩን ዘንግ ያጋድለዋል።

ፍጥነት መቀነስ። ሞተሩ ቢንቀራፈፍም ማዕዘኑ አይለወጥም፤ ጉዳዩ የቅርጽ ነው። ግራሶ ፍትጊያውን ይቀንሳል። ቡሺንጉን ማስረዘምና ከሱ ውጭ የተንጠለጠለውን ዘንግ ማሳጠር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። 30ም ቢሆን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፦ ቡሺንጉ አጭርና ደረቅ፣ ዘንጉ ረጅም ከሆነ 28ም ሊቀረቅር ይችላል።