ሃርድ ዲስክ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ሙቀት፣ ድምፅና አስተማማኝነት

ሃርድ ዲስክ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ቴራባይት እንደሚይዝና ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው። ሌላው የኮምፒውተር ክፍል ቢበላሽ በገንዘብ ይተካል፤ ሃርድ ዲስክ ግን ሲበላሽ የያዘውን ፎቶግራፍና ሰነድ አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ ሙቀቱ፣ ድምፁና አስተማማኝነቱም በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል፤ ሲታዩም የሚከተሉት ስህተቶች ደጋግመው ያጋጥማሉ።

ፍጥነትን ያለ ጥያቄ ማስቀደም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ 5,400 ጊዜ ከሚሽከረከረው ይፈጥናል። ሆኖም መረጃውን የያዙት ክብ ሳህኖቹ በበለጠ ኃይል አየሩን እየሰነጠቁ ስለሚዞሩ፣ የፍጥነቱ ዋጋ በኤሌክትሪክ፣ በሙቀትና በድምፅ ይከፈላል። ያም ሆኖ ይህ ፈጣን የተባለው ዲስክ፣ የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጠብቃል፤ ራሱ ወደ ቦታው የሚሄድበት ጊዜም በዚያ ላይ ይጨመራል። መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዘውና የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህን ሁሉ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይጨርሰዋል። በመሆኑም ስርዓተ ክወናውንና ፕሮግራሞቹን ኤስኤስዲ ላይ አድርጎ፣ ለፊልም፣ ለፎቶግራፍና ለመጠባበቂያ ቅጂ ዝግተኛውንና ጸጥተኛውን ዲስክ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሙቀትን መርሳት፣ ወይም ከሚገባው በላይ መፍራት። አንዳንዶች ጉዳዩን ጨርሶ አያነሡትም፤ ሌሎች ደግሞ 3 ወይም 4 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ዲስክ ለማግኘት ሲሉ ሌላውን መመዘኛ ሁሉ ይተዋሉ። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው ባወጡት ጽሑፍ፣ በመካከለኛው የሙቀት ደረጃ ሙቀት ሲጨምር ብልሽት አብሮ እንደማይጨምር፣ እንዲያውም በጣም ቀዝቅዘው የሠሩት ይበልጥ እንደተበላሹ አሳይተዋል፤ የከፍተኛ ሙቀት ጉዳት ጎልቶ የታየው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ባገለገሉት ላይ ነው። ስለዚህ ጥቂት ዲግሪ ከማሳደድ ይልቅ ዲስኩን ከአምራቹ ጣሪያ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሰፊው ዝቅ አድርጎ ማቆየት ይበቃል። እኔ 45 ዲግሪን እንደ ድንበር እወስዳለሁ። ይህን በአብዛኛው የሚወስነው አቀማመጡ ነው፦ ሁለት ዲስኮች ያለ ክፍተት ተደራርበው ማራገቢያው በማይደርስበት ጥግ ከተቀመጡ የቀዝቃዛው ሞዴል ብልጫ ከንቱ ይሆናል።

ድምፅን በመግለጫ ወረቀቱ ቁጥር ብቻ መዳኘት። ዲስክ ሁለት ዓይነት ድምፅ አለው፤ አንዱ ሳያቋርጥ የሚሰማው የሞተሩ ጉምጉምታ፣ ሌላው የማንበቢያው ራስ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው መንቋቋት ነው። መግለጫዎች ሁለቱን ለያይተው ስለሚጽፉ፣ ያለ ሥራ የተለካውን ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል። አንዱ አምራች በቤል ሌላው በዴሲቤል ሊጽፍም ይችላል፤ 2.8 ቤል ማለት 28 ዴሲቤል ነው። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያስመርረው ግን የዲስኩን ንዝረት ተቀብሎ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባው ስስ የብረት ሣጥን ነው፤ በሣጥኑና በዲስኩ መካከል ለስላሳ ጎማ ማስገባት ውድ ዲስክ ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ጸጥታንም የጤንነት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ሊያሳስብ የሚገባው ትናንት ያልነበረ፣ ዛሬ ግን እየተደጋገመ የሚሰማ ድምፅ ነው።

በብልሽት መካከል ያለውን አማካይ ጊዜ እንደ ዕድሜ ማንበብ። ይህ ጊዜ በመግለጫ ወረቀቱ ላይ «1,000,000 ሰዓት» ተብሎ ሲታይ ዲስኩ 114 ዓመት የሚኖር ይመስላል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብዛት ነው፤ 1,000 ዲስኮች ዓመቱን ሙሉ ቢሠሩ 9 ያህሉ ይበላሻሉ ማለት ነው። የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያው በ2007 በተጨባጭ አገልግሎት ላይ ያሉ ዲስኮችን ሲመረምሩ፣ በዓመት የሚተኩት በአብዛኛው ከ100 ከ2 እስከ 4 ሆነው አግኝተዋቸዋል።

በብራንድ ስም ብቻ መወሰን። ከአንድ አምራች የሚወጡ ሞዴሎች በአስተማማኝነት በእጅጉ ይለያያሉ። ባክብሌዝ የተባለው የመረጃ ማከማቻ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሰበሰበውን የብልሽት መረጃ በየሞዴሉ ስለሚያወጣ፣ ከወዳጅ ምስክርነት ይልቅ እርሱን ማየት ይበጃል፤ የድርጅቱ ዲስኮች ሌት ተቀን የሚሠሩ መሆናቸውን ግን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ዲስኩ ከመሞቱ በፊት ይነግረኛል ብሎ መተማመን። ስማርት የተባለው የራስ መመርመሪያ ሥርዓት ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም በጉግል ጥናት ከተበላሹት ዲስኮች ከ100 ከ56 በላይ የሚሆኑት በአራቱ ዋና ዋና ምልክቶች አንድም ማስጠንቀቂያ አላሳዩም። ስለዚህ የትኛውም ዲስክ ቢመረጥ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ የግድ ነው። ምልክቱ ሲመጣ ግን ይከበር፦ በዚያው ጥናት የመጀመሪያውን የቅኝት ስህተት፣ ማለትም ዲስኩ የራሱን ገጽ ሲፈትሽ የሚያገኘውን ጉድለት፣ ያሳዩ ዲስኮች በተከታዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድላቸው ስህተት ካላሳዩት 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ መረጃው መገልበጥ ያለበትም ማስጠንቀቂያው በታየበት ዕለት ነው።