ኑዛዜው ለምን ፈረሰ? ያለ ጠበቃ ለሚጽፉ ችግሩና መፍትሄው

ኑዛዜ ለመጻፍ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠበቃ ይኑር አይልም። በአጻጻፉ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። የሟች ፍላጎት ፀሐይ የሞቀው ቢሆን እንኳ፣ ወረቀቱ ፎርሙን ካላሟላ ዋጋ የለውም።

ችግር፦ ተናዛዡም አራቱ ምስክሮችም ፈርመዋል፤ ኑዛዜው ግን ፈራሽ ተባለ።

መጀመሪያ የምትፈልጉት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። «በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ» የሚባለው፣ ማለትም ምስክሮች የሚፈርሙበት የጽሑፍ ኑዛዜ፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡ ብቻውን አይበቃም። መነበቡና ቀኑ እዚያው ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለባቸው። ሰው ንብረቱን እስከ ማንኪያው ይዘረዝርና ይህችን ይረሳታል። ምስክሮቹ ኋላ ችሎት ቀርበው «ኧረ ተነቦልናል» ይላሉ ብላችሁ አትተማመኑ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከፊርማዎቹ በላይ እንዲህ ይጻፍ፦ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ (ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት) በተናዛዡና ስማችን ከዚህ በታች በተጻፈው አራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ፈርመናል።» ከዚያ ሁሉም እዚያው ይፈርሙ። መፈረም የማይችል የጣት አሻራውን ያኑር። «እኔ ነገ ሳልፍ እፈርማለሁ» የሚል ምስክር ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ ሕጉ ወዲያውኑ ይፈረም ነው የሚለው።

አራት ሰው ማሰባሰብ ከከበደ መውጫ አለ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ (ውል ለማዋዋል በሕግ ሥልጣን ያለው ሰው) ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ምስክር አካለ መጠን የደረሰና ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቅ ይሁን። ቤቱን የምታወርሱትን ሰው ደግሞ ምስክር አታድርጉት። የተሰጠውን ስጦታ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል።

ችግር፦ በእጁ ጽፎ ፈርሞ አስቀምጧል፤ ምስክር የለም።

የምስክር አለመኖር እዚህ ችግር አይደለም። ተናዛዡ ራሱ የጻፈው ኑዛዜ ምስክር አይፈልግም። የሚጥለው ሌላ ነው። ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ አለበት፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ያስፈልጋል። በራሱ የተየበው ከሆነ፣ ይህንኑ በየገጹ በእጅ ጽሑፉ ማስፈር አለበት። ስርዝ ድልዝም ሳይፈረምበት አይለፍ። እኔ ብሆን ገጹን እንደ አዲስ እገለብጠዋለሁ።

ጸሐፊ ዘንድ ተተይቦ፣ ተናዛዡና ሁለት ዘመዶች የፈረሙበት ወረቀትስ? ከሁለቱም የወደቀ ነው። በእጅ የተጻፈ አይደለም፣ አራት ምስክርም የለው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኼ ነው፦ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ካላችሁ ቀኑን እዩት። ካለፈበት አዲስ ጻፉ፤ ገና ከሆነ ወስዳችሁ አስቀምጡት።

ችግር፦ «ለዚያ ልጄ ምንም እንዳይደርሰው» ብሎ ነበር፤ ልጁ ግን ወረሰ።

ልጅን ከውርስ መንቀል ይቻላል። ምክንያቱ ግን ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፤ ፍርድ ቤትም ምክንያቱ ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑን ያያል። ስሙን ሳያነሱ ማለፍም መንቀል አይደለም። ስለዚህ ልጁ ምን እንዳደረገ በግልጽ ይጻፍ። «አስቀይሞኛል» የሚል ነገር ሩቅ አያስኬድም።

ችግር፦ ባልና ሚስት አብረው ተናዘዙ፤ ሁለቱም ፈረሰ።

ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ መናዘዝ አይችልም። ለየብቻ ይጻፉ። እያንዳንዳቸውም የሚናዘዙት በራሳቸው ድርሻ ላይ ብቻ ነው፤ ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የሌላኛው ነው። እንዲያውም ለባለትዳር ኑዛዜ የግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ባልን ወይም ሚስትን ወራሽ አያደርግም። የጋራ ንብረት ግማሽና ውርስ ለየቅል ናቸው። በኋላ ከተፋቱ ግን ለትዳር ጓደኛ የተሰጠው ይቀራል። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ከተወለደም ወረቀቱን እንደገና ጻፉት፤ ልጁ ውርሱን ከተቀበለ የቀድሞው ስጦታ ሊፈርስ ይችላል።

ችግር፦ ታሞ ሳለ ቤቱን በቃሉ ሰጠ።

አይሆንም። በሁለት ምስክር ፊት የሚደረግ የቃል ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓት፣ ለትንንሽ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። ተናዛዡ ከዚያ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየም ይቀራል። በሽተኛው መናገር ከቻለ አራት ምስክር ጠርታችሁ የሚለውን ጻፉለት፤ አንብቡለት፤ አስፈርሙት።

የገጠር መሬት ከሆነ ደግሞ የክልሉን የመሬት ሕግ ሳታዩ አትጻፉ። የመጠቀም መብቱን ለማን ማውረስ እንደሚቻል የሚወስነው እሱ ነው።