አራቱ ወንጌላውያን የሚዞሩበት፣ አደይ አበባ የሚነሣበት የእንቁጣጣሽ ካርድ እንዴት እንደሚሠራ

በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጆች አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ሥለው ለጎረቤት ያድላሉ። ይህ ካርድ ያንኑ ሥዕል ከወረቀቱ ላይ ያስነሣዋል። ሽፋኑ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ከኋላዋ ያለው ክብ ሲዞር ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ በተራቸው ይመጣሉ። ካርዱ ሲከፈት ደግሞ መሐሉ ላይ የአደይ አበባ እቅፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሽቦም ባትሪም የለውም፤ ሁሉም ወረቀትና ኮላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግማሽ ቀን ይመድብ፤ ኮላው የሚደርቅበት ሌሊት ሳይቆጠር።

እንዲህ ያለ ካርድ የሚበላሸው ሥዕሉ ስላላማረ አይደለም። የሚበላሸው መንቀሳቀሻ ክፍተት ሲያጣ ነው። ክብ በልኩ በተቀደደ ቀዳዳ ውስጥ አይዞርም፤ 1 ሚሜ ትርፍ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ በተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ሙሉውን ካርድ ሠርታችሁ ሞክሩ። ስሕተቱ እዚያ ላይ ሲወጣ የሚባክነው አንድ ሁለት ወረቀት ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው

ለሽፋኑ፣ ለክቡና ለክፈፉ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 250 ግራም የሆነ ኤ4 ወፍራም ወረቀት 3 ቅጠል፤ ለውስጠኛው ገጽና ለሚነሣው እቅፍ 160 ግራም 2 ቅጠል፤ ለአበቦቹ 80 ግራም ቢጫ ወረቀት። ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብታችሁ ግራሙን የሚነግራችሁ ካጣችሁ በእጅ ፈትሹት፦ ወፍራሙ በሁለት ጣት ከአንድ ጥግ ሲያዝ ከተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ያነሰ ይንጠለጠላል።

ከዚህ ሌላ የብረት ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ከተር፣ መቀስ፣ ነጭ ኮላ፣ ስቴኪኒ፣ እርሳስና ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ያዙ። ያለቀው እስክሪብቶ ከሁሉም ይበልጣል፤ እጥፋት የሚጀመረው በእሱ ነው። መስመሩን በማስመሪያ ተደግፋችሁ በእስክሪብቶው ጫፍ ሁለት ጊዜ ጫን አድርጋችሁ ካለፋችሁበት፣ ወፍራም ወረቀት ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። እንደ እንጨት ሁሉ ወረቀትም የክር አቅጣጫ አለው። ቅጠሉን ሳታጥፉ በሁለቱም በኩል ቀስ ብላችሁ ጎበጥ አድርጉት፤ በቀላሉ የሚታዘዝበት አቅጣጫ ዋናው እጥፋት የሚሄድበት ይሁን። በተቃራኒው የታጠፈ ካርድ እጥፋቱ ላይ ይሻክራል፣ ቀለሙም ይረግፋል።

ኮላውን ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍስሱ። በስቴኪኒ ጫፍ እየነካችሁ በስሱ ቀቡ። ነጭ ኮላ ውሃ ስላለው በዝቶ ሲፈስ ወረቀቱን ያጎብጠዋል፤ በተለይ ነሐሴ ላይ፣ ወረቀቱ ራሱ እርጥበት ጠጥቶ በሚቆይበት ወቅት። ክረምት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ወረቀቱን አስቀድማችሁ አንድ ቀን በደረቅ ክፍል ከከባድ መጽሐፍ ሥር አቆዩት።

ሽፋኑ

አንዱን ኤ4 ወፍራም ወረቀት (210 በ297 ሚሜ) ረጅሙን ጎን አጋምሳችሁ እጠፉት። እያንዳንዱ ገጽ 148.5 በ210 ሚሜ ይሆናል፤ እጥፋቱ በግራ በኩል ቆሞ ይቀመጥ። ከፊት ገጹ ቀኝ ጠርዝ 62 ሚሜ፣ ከታች 105 ሚሜ ለክታችሁ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ይህ የክቡ እምብርት ነው።

ታችኛው ጠርዟ ከእምብርቱ 20 ሚሜ ከፍ እንዲል አድርጋችሁ መስኮቷን ሣሉ፦ ወርዷ 36 ሚሜ (18 ወደ ግራ፣ 18 ወደ ቀኝ)፣ ቁመቷ 34 ሚሜ። ሰፋ ትበል ብላችሁ አትፈተኑ። አራቱ ሥዕሎች በአንድ ክብ ላይ ስለሚቀመጡ፣ መስኮቷ ወደ እምብርቱ ከተጠጋች ወይም ከሰፋች የጎረቤቱ ሥዕል ጥግ በመስኮቱ ይታያል። በእነዚህ ልኮች በሥዕልና በሥዕል መካከል 2 ሚሜ ይተርፋል። መስኮቷን በከተር ቁረጡ፤ ጥጎቹን ከጥግ ወደ መሐል እየጀመራችሁ ብትቆርጡ ምላጩ አያመልጥም።

በመጨረሻ በቀኝ ጠርዝ ላይ፣ ከእምብርቱ ትክክል፣ 15 ሚሜ ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ አውጡ። አውራ ጣት ክቡን የምታገኘው በዚህ ነው። ክቡ ከካርዱ ውጭ ቢወጣ ለጣት ይመቻል፤ ግን ፖስታ ውስጥ ሲገባ ጠርዙ ይታጠፋል። ስለዚህ የጣት ቦታ መቁረጡ ይሻላል።

ክቡና እምብርቱ

1. ከወፍራሙ ወረቀት 120 ሚሜ ዲያሜትር ያለው ክብ ቁረጡ። መሐሉ ላይ 21 ሚሜ ዲያሜትር ያለው ቀዳዳ አውጡ። ቀዳዳው ወጣ ገባ ከሆነ ክቡ ይንተፋተፋል፤ ጠርዙን በጥፍር መሞረጃ ቀስ ብላችሁ አስተካክሉት።

2. 20 ሚሜ ዲያሜትር ያላቸው ሁለት ትንንሽ ክቦች ቆርጣችሁ አንዱን በአንዱ ላይ አጣብቁ። እምብርቱ ይህ ነው። ሁለት ድርብ የሚሆንበት ምክንያት አለው፦ መዞሪያው ክብ አንድ ድርብ ስለሆነ፣ እምብርቱ ከእሱ በአንድ ወረቀት ውፍረት ካልበለጠ ክዳኑ ይጫነውና አይዞርም።

3. እምብርቱን በሽፋኑ ጀርባ፣ በነጥቡ ትክክል አጣብቁ። ነጥቡን በመርፌ ወግታችሁ ብታሳልፉት ከጀርባ በኩል ቦታው አይጠፋም። 20 ደቂቃ ይድረቅ።

4. ሥዕል የሚሣለው አሁን ነው፤ ከተዘጋ በኋላ አይቻልም። ክቡን እምብርቱ ላይ አስገቡ፤ በመስኮቷ በኩል የመስኮቷን ዙሪያ በእርሳስ ክቡ ላይ አስፍሩ። ክቡን ሩብ ዙር አዙራችሁ ድገሙት፤ አራት መስኮቶች ይወጣሉ። ከዚያ አውጥታችሁ ሣሉ።

የሥዕሎቹን ተራ ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። አውራ ጣት ቀኝ ጠርዙን ወደ ታች ሲስብ ክቡ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል፤ ስለዚህ ቀጥሎ ወደ መስኮቷ የሚመጣው በግራ በኩል ያለው ሥዕል ነው። ክቡን ከፊት ስታዩት ማቴዎስ ላይ፣ ማርቆስ ግራ፣ ሉቃስ ታች፣ ዮሐንስ ቀኝ ይሁኑ፤ የሁሉም ራስ ወደ ክቡ ጠርዝ ይሁን። ፊት መሣል ለሚከብደው ሰው ባህሉ ራሱ ምልክት ሰጥቶታል፦ ለማቴዎስ ገጸ ሰብእ፣ ለማርቆስ ገጸ አንበሳ፣ ለሉቃስ ገጸ ላህም፣ ለዮሐንስ ገጸ ንስር። በዓሉን በወንጌላውያን ስም ለማይቆጥር ወዳጅ ካርዱ የሚሄድ ከሆነ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይና ክረምትን ሣሉበት፤ አሠራሩ አይለወጥም። ቀለሙ እርሳስ ወይም ማርከር ይሁን፤ የውሃ ቀለም ክቡን ያጣምመዋል።

5. 30 ሚሜ ዲያሜትር ያለው ክዳን ቁረጡ። ክቡን መልሳችሁ አስገቡና ክዳኑን በእምብርቱ ላይ ብቻ አጣብቁ። ከእምብርቱ ዳር 2 ሚሜ ያህል ኮላ ሳይነካው ይቅር፤ ኮላ ሾልኮ ከወጣ ክቡን ለዘለዓለም ይይዘዋል። አጣብቃችሁ እንደጨረሳችሁ ክቡን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩት። ከዚያም በየ5 ደቂቃው እየዞረ ይድረቅ።

ሲደርቅ የሚከብድ ከሆነ የእርሳስ ዱቄት በጥጥ አንሥታችሁ በክቡ ጀርባ፣ በክዳኑ ዙሪያ አሹ። በጣም ከላላና ሥዕሉ ከመስኮቷ ከተንሸራተተ ግን ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ክቡን እንደገና ከመቁረጥ ሌላ መላ የለውም።

ክፈፉ

ክቡን እንዲሁ ትታችሁ ውስጠኛውን ገጽ ብታጣብቁበት ይጨናነቃል። 5 ሚሜ ወርድ ያላቸው ቅዳጆች ቆርጣችሁ፣ ሦስት ሦስት ድርብ አድርጋችሁ፣ በሽፋኑ ጀርባ ላይና ታች፣ በቀኝም ጠርዝ፣ በእጥፋቱም በኩል አጣብቁ። በቀኝ በኩል ግን ከእምብርቱ ትክክል 25 ሚሜ ወደ ላይ፣ 25 ሚሜ ወደ ታች ባዶ ይሁን፤ የክቡ ጠርዝ እዚያ ከካርዱ ዳር 2 ሚሜ ብቻ ይርቃል። በእጥፋቱ በኩል ያለው ቅዳጅ ከእጥፋቱ 10 ሚሜ ይራቅ፤ አለበለዚያ ካርዱ አይዘጋም።

ውስጠኛውን ወረቀት 206 በ293 ሚሜ አድርጋችሁ አጋምሳችሁ እጠፉ። ግማሹን በክፈፉ ላይ፣ ሌላውን ግማሽ በቀጥታ በሽፋኑ የኋላ ገጽ ላይ ታጣብቁታላችሁ። ግን አሁን አይደለም። መጀመሪያ አበባው ይተከልበት፤ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ መሥራት ይቀላል። ከክፈፉ ጋር በሚጣበቀው ገጽ ጠርዝ ላይ የጣት ቦታውን ቁረጡለት።

የሚነሣው እቅፍ

ከ160 ግራም አረንጓዴ ወረቀት 90 ሚሜ ወርድ፣ 102 ሚሜ ቁመት ያለው ቁራጭ አውጡና ወርዱን አጋምሳችሁ በቁመቱ እጠፉት። የታችኛው 12 ሚሜ ማጣበቂያ ጆሮ ነው፤ መስመሩን ጫን አድርጋችሁ ወደ ኋላ እጠፉት፤ መሐል እጥፋቱ ላይ ደግሞ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ጎርዱት፤ አለዚያ ሁለቱ ጆሮዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። የላይኛውን ጠርዝ በቅጠልና በግንድ መልክ በመቀስ ቅረጹ። መሐል እጥፋቱን ግን አትንኩት፤ የሚያቆመው እሱ ነው።

ውስጠኛውን ወረቀት ዘርጉ። በእጥፋቱ ላይ፣ ከታች 90 ሚሜ ርቃችሁ ነጥብ አድርጉ። ከነጥቡ ወደ እናንተ የሚመጡ ሁለት መስመሮች ግራና ቀኝ አውጡ፤ እያንዳንዳቸው ከእጥፋቱ ጋር 45 ዲግሪ ይሥሩ። ማዕዘን መለኪያ ከሌለ አንድ አራት ማዕዘን ወረቀት ከጥግ እስከ ጥግ ስታጥፉ 45 ዲግሪ ታገኛላችሁ። ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል መሆናቸው ከ45 መሆናቸው ይበልጣል፤ አንዱ በ2 ዲግሪ ካነሰ እቅፉ ወደ አንድ ጎን ይዘማል፣ ሲዘጋም ይጨመደዳል።

ግራውን ጆሮ ኮላ ቀብታችሁ በመስመሩ ላይ አስቀምጡ፤ የቁራጩ መሐል እጥፋት ከነጥቡ ላይ ይረፍ። ሲደርቅ እቅፉን በግራው ገጽ ላይ አጥፋችሁ አስተኙት። ቀኙ ጆሮ ወደ ላይ ይታያል፤ ኮላ ቀቡትና የቀኙን ገጽ ዝጉበት። ጆሮው ቦታውን ራሱ ያገኛል፤ በእጅ ለማስተካከል ከመድከም ይህ ይሻላል። ለ10 ደቂቃ መጽሐፍ ጫኑበት።

ሲከፈት እቅፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲዘጋ ወደ ላይኛው ጠርዝ ተኝቶ ከእጥፋቱ 95 ሚሜ ያህል ይሄዳል። ገጹ 148.5 ሚሜ ስለሆነ አበቦቹ ከአረንጓዴው እስከ 30 ሚሜ ቢወጡ እንኳ ከካርዱ አያልፉም። ቁመቱን ማሳደግ ብትፈልጉ ይህን ቀመር ያዙ፦ የእቅፉን ግማሽ ወርድና ከጆሮው በላይ ያለውን ቁመት ደምራችሁ በ0.7 አባዙ፤ ውጤቱ ከገጹ ወርድ ማነስ አለበት።

ለአደይዎቹ 45 ሚሜ ጎን ያለው ቢጫ አራት ማዕዘን ወረቀት ሁለት ጊዜ አጋምሱ፣ ከዚያ ከመሐሉ ጥግ በሰያፍ እጠፉ፤ ጫፉን ሞላላ አድርጋችሁ ስትቆርጡ ስምንት ክንፍ ያለው አበባ ይከፈታል። ሁለት አበባ ደርቡ፤ የላይኛውን ክንፎች በእስክሪብቶ ዘንግ በጥቂቱ ጠቅልሉ፤ መሐሉ ጠቆር ያለ ብርቱካናማ ቢጫ ይሁን። ሾጣጣ ቅርጽ አትስጡት፤ ካርዱ ሲዘጋ ይደቅቃል። አምስት አበባ ይበቃል። መሐል እጥፋቱን የሚሸፍነው አበባ በአንድ ግማሽ ላይ ብቻ ይጣበቅ፤ በሁለቱም ከተጣበቀ እቅፉ መታጠፍ ያቆማል።

ንብ ለመጨመር 4 ሚሜ ወርድ፣ 50 ሚሜ ርዝመት ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ከሸሚዝ ማሸጊያ ላይ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ በአበባው ጀርባ፣ ሌላውን በትንሽ የወረቀት ንብ ሥር አጣብቁ። ካርዱ ሲነካ ትወዛወዛለች።

ጽሑፉና ፖስታው

ከመጨረሻው ማጣበቅ በፊት ጻፉ። የዓመቱን ወንጌላዊ ለማወቅ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምራችሁ ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል፤ ቀሪው 3 ነው። ስለዚህ ለአባት ወይም ለእናት «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረዎ» ተብሎ ይጻፋል፤ ለእኩያ «አሸጋገረህ» ወይም «አሸጋገረሽ»፣ ለቤተሰብ «አሸጋገራችሁ»። ክቡንም ማርቆስ ላይ አቁማችሁ ላኩት፤ ተቀባዩ በራሱ ጣት ወደ ሉቃስ ያሻግረው።

አሁን ውስጠኛውን ገጽ አጣብቁ፤ መጀመሪያ በክፈፉ በኩል፣ ከዚያ ካርዱን በግማሽ ዘግታችሁ በኋላ ገጹ በኩል። ዘርግታችሁ ካጣበቃችሁት ሲዘጋ ውስጡ ይጨመደዳል። ከእጥፋቱ ግራና ቀኝ 8 ሚሜ ኮላ አይንካው። ሌሊቱን ከቀላል መጽሐፍ ሥር ይደር፤ ከባድ ከሆነ ክቡን ይደፈጥጠዋል።

የተዘጋው ካርድ ከ3 እስከ 4 ሚሜ ውፍረት ይኖረዋል። 162 በ229 ሚሜ የሆነው ሲ5 ፖስታ ይበቃዋል። በዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ ትንሽ ደብዳቤ የሚባለው እስከ 5 ሚሜ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ውፍረቱ ወጣ ገባ የሆነ ፖስታ በማሽን ስለማያልፍ ተጨማሪ ይከፈልበታል፤ ቴምብር ከመለጠፋችሁ በፊት ፖስታ ቤቱ ይለካው። በሁለቱም በኩል አንድ አንድ የወፍራም ወረቀት ቁራጭ ጨምሩ፤ መስኮቷ የምትቀደደው ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ነው።