በሦስት ማዕዘን ላይ የበርንሽታይን ኦፐሬተርን አይገን ቫልዩ እንዴት እናገኛለን?

የጎንደርን ካርታ ዘርግተው ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና የፋሲል መዋኛን በመስመር ያገናኙ። በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለው መሬት ዳገት ቁልቁለት ነው። ከፍታውን ከጥቂት ልኬቶች ለመገመት የሒሳብ ሊቁ ሰርጌይ በርንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1912 በአንድ ተለዋዋጭ ያቀረበው ዘዴ እዚህም ይሠራል።

1. ለየቦታው ድምራቸው 1 የሆነ ሦስት ክብደት ይስጡ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ። ግቢው ላይ ሀ=1 ነው፣ ሌሎቹ 0። ሁለቱ ከታወቁ ሦስተኛው ስለሚታወቅ ተለዋዋጩ ሁለት ብቻ ነው።

2. እያንዳንዱን ጎን 4 ቦታ እኩል ከፍለው መረብ ይሥሩ፤ 15 ነጥብ ይወጣል። ክብደቱ መ/4፣ ሠ/4፣ ረ/4 የሆነውን ነጥብ ከፍታ በ24÷(መ!×ሠ!×ረ!) እና በሀ^መ × ለ^ሠ × ሐ^ረ አባዝተው ሁሉንም ይደምሩ (መ! ማለት ከ1 እስከ መ ያሉት ቁጥሮች ብዜት ነው፣ 0! ደግሞ 1 ነው)። ከከፍታዎቹ አዲስ ገጽ የሚያወጣው ይህ ስሌት የበርንሽታይን ኦፐሬተር ነው። ብዙ ሰው 24ቱን ክፍልፋይ ይረሳዋል። ከፍታው ሁሉ 1 ቢሆን ውጤቱ 1 ካልመጣ ስህተቱ እዚያ ነው።

3. አሁን ኦፐሬተሩ ቅርጹን ሳይለውጥ በቁጥር ብቻ የሚያባዛቸውን ይፈልጉ። ቅርጹ አይገን ፈንክሽን፣ ቁጥሩ አይገን ቫልዩ ይባላል። ሀ×ለን በሁለቱ ማዕዘኖች መካከል ይሞክሩት፦ ዋጋው 1/4 ነበር፣ ቀመሩ 3/16 ይሰጣል፤ ስለዚህ 3/4። ሀ² ግን ብቻውን አይሆንም፣ ¾ሀ²+¼ሀ ይሆናል። ሀን ሲቀንሱለት ይስተካከላል።

4. ዝርዝሩን ይሙሉ፦
ዲግሪ 0 እና 1፦ 1 (3 ፈንክሽን)
ዲግሪ 2፦ 3/4 (ሀለ፣ ለሐ፣ ሀሐ)
ዲግሪ 3፦ 3/4×2/4=3/8 (ሀለሐ፣ ሀለ(ሀ−ለ)፣ ለሐ(ለ−ሐ)፣ ሀሐ(ሀ−ሐ))
ዲግሪ 4፦ 3/8×1/4=3/32 (5 ፈንክሽን)
ድምሩ 15 ነው፣ ልክ እንደ ነጥቦቹ።

ኦፐሬተሩን 10 ጊዜ ቢደጋግሙት የሀለ ጉብታ ወደ መጀመሪያው ቁመቱ 0.056 እጅ ይወርዳል። በመጨረሻ የሚቀረው በሦስቱ ማዕዘኖች ላይ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ገጽ ነው።

ኮምፒውተር ለ3/4 ሌላ ዓይነት ፈንክሽን ቢያወጣልዎ አይደንግጡ፤ የሀለ፣ የለሐና የሀሐ ማንኛውም ድብልቅ ትክክል ነው። አራት ማዕዘን ላይ በየአቅጣጫው ለየብቻ ከሠሩት ግን ሕጉ ይለያል፦ እዚያ የሁለቱ ተለዋዋጮች ብዜት በ1 ይባዛል እንጂ በ3/4 አይደለም።