ኤች ኤስ ኤ ላይ ገንዘብ ሲበዛ

ጁላይ 2025 ላይ እዚህ አሜሪካ ሥራ ቀየርኩ። የድሮው መሥሪያ ቤት ለኤች ኤስ ኤ (የሕክምና ቁጠባ ሂሳብ) 2,400 ዶላር ከፔይቼኬ ቆርጧል፤ አዲሱ ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 2,300። ታክስ የማይነካው ገንዘብ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ታክሴን ልሠራ ስቀመጥ ፕሮግራሙ ቀይ ጽሑፍ አወጣብኝ፤ 400 ዶላር በዝቷል።

ኤች ኤስ ኤ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) ከፍ ያለ ኢንሹራንስ ላለው ሰው የሚፈቀድ የሕክምና ቁጠባ ነው። ጣሪያ አለው። ለ2025 ለአንድ ሰው 4,300፣ ለቤተሰብ 8,550 ዶላር ነው። 55 ዓመት የሞላው 1,000 ይጨምራል። ጣሪያው ለሰውየው እንጂ ለእያንዳንዱ ሥራ አይደለም፤ እኔን የሸወደኝ ይሄ ነው።

አገሩ ላይ አዲስ ከሆናችሁ ሌላም ወጥመድ አለ። ኢንሹራንሱ የጀመረላችሁ ሴፕቴምበር 1 ከሆነ ጣሪያው በ4 ወር ይሰላል፤ ለአንድ ሰው 1,433 ዶላር ገደማ። ዲሴምበር 1 ላይ ኢንሹራንሱ ካላችሁ ሙሉውን ማስገባት ይቻላል፤ ግን እስከ ቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር 31 ኢንሹራንሱን መልቀቅ የለም።

ከመደንገጣችሁ በፊት ግን ደብሊው ቱውን፣ አሠሪው የዓመቱን ደመወዝ ጽፎ የሚሰጣችሁን ወረቀት፣ አውጡ። ሳጥን 12 ላይ ደብሊው የሚል ፊደል ያለበት ቁጥር አለ። የአሠሪ መዋጮ ይባል እንጂ ከፔይቼካችሁ የተቆረጠውም እዚያው ውስጥ ነው። ብዙ ሰው «እኔ ያስገባሁት» ብሎ ደግሞ ይጽፈዋል። ያኔ ያልበዛው ገንዘብ በዛ ይባላል!

እውነት ከበዛ ግን የኤች ኤስ ኤውን ካርድ ይዛችሁ ገንዘቡን ዝም ብላችሁ እንዳታወጡ። ለሕክምና ያልዋለ ወጪ ተብሎ ታክስና 20 በመቶ ቅጣት ሊመጣባችሁ ይችላል። እኔ ራሴ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ሂሳቡ ያለበት ድርጅት ጋ ደውሉና «ኤክሰስ ኮንትሪቢውሽን ሪሙቫል» (የበዛውን መዋጮ ማስወጫ) የሚለውን ፎርም ጠይቁ። ትርፉን (ከጣሪያው ያለፈውን ገንዘብ) ካፈራው ወለድ ጋር ጨምረው ይመልሱላችኋል። ለእኔ 7 ዶላር ነበር። 400ው በበዛበት ዓመት ታክስ ላይ እንደ ሌላ ገቢ ይጻፋል፤ 7ቱ ገንዘቡ እጃችሁ በገባበት ዓመት። በኋላ 1099 ኤስ ኤ የሚባል ወረቀት ኮድ 2 ይዞ ይመጣል፤ አትጣሉት።

ትርፉን የማስወጫው የመጨረሻ ቀን የቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል 15 ነው፤ ኤክስቴንሽን (ታክስ የማስገቢያ ጊዜ ማራዘሚያ) ከወሰዳችሁ ኦክቶበር 15። በጊዜው ፋይል አድርጋችሁ ከሆነም 6 ወር ይጨመርላችኋል፤ ታክሱን ግን ማስተካከል ግድ ነው።

ካላወጣችሁት ፎርም 5329 በሚባለው የታክስ ቅጽ ላይ የትርፉን 6 በመቶ ቅጣት ትከፍላላችሁ። በእኔ ሂሳብ 24 ዶላር ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ትርፉ እዚያው እስካለ በየዓመቱ ይመጣል። በቀጣዩ ዓመት ከጣሪያው 400 አሳንሳችሁ ካስገባችሁ ትርፉ ያንን ክፍተት ይሞላና ቅጣቱ ያበቃል። ለ2026 ጣሪያው ለአንድ ሰው 4,400 ስለሆነ 4,000 ላይ ማቆም ነው። ስልክ ላይ መጠበቅ የሚያንገሸግሸው ሰው ይህን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ የምትኖሩ፣ ስቴታችሁ ኤች ኤስ ኤን ከታክስ ነጻ አያደርግም፤ ለታክስ ሠሪያችሁ አስታውሱት።

ሥራ ስትቀይሩ የመጨረሻውን ፔይስተብ (የክፍያ ዝርዝር ወረቀት) ለአዲሱ መሥሪያ ቤት ኤች አር (የሠራተኛ አስተዳደር) ላኩ። የድሮው ስንት እንደቆረጠ እነሱ በምን ያውቃሉ?